ሰባቱ የእንስሳት ደብዳቤዎች

ደብዳቤው የተፈረመው ኤፕሪል 4 ቀን 2018 ነው። ፈራሚዋ የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶክተር ሮሻ ግን ከማርች 12 ጀምሮ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ጄኔቭ አጠገብ ሜራን ባለው ክሊኒካቸው በሽተኛ ሊሸኙ ብድግ ሲሉ ስትሮክ መታቸውና ወደቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሊኒኩ ሰው አልተቀበለም። ደብዳቤው ላይ ያረፈው ማኅተም ግን ትክክለኛው የሐኪሟ ማኅተም ነው።

አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ያንቺ አገር ሰዎች ናቸው» አለኝ።

ጄኔቭ የመጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ አባቴ እዚህ ሥራ ሲያገኝ ነው። በፖሊስ የሰነድ ማጭበርበር ክፍል ኢንስፔክተር ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ዛሬም አንድ ሐበሻ በተጠረጠረ ቁጥር ፋይሉ ወደ እኔ፣ ወደ ምንትዋብ ይወረወራል። ደሜ ፈላ፤ ፋይሉን ግን ተቀበልኩ።

ደብዳቤው ሰሊማ መሐመድሁሴን የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ለጤናዋ ሲባል ከውሻዋ ጋር መኖር እንዳለባት ይመሰክራል። የመንፈስ ደጋፊ እንስሳ ይሉታል። ሕጉ አከራይን ባያስገድድም፣ የሐኪም ማኅተም ሲያይ እሺ የሚል አከራይ አይጠፋም። ሰሊማ የምትኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን ነው። ቤቷን የሚያስተዳድረው ቢሮ ደብዳቤውን ለማጣራት ክሊኒኩ ሲደውል ሐኪሟ ሆስፒታል መተኛታቸው ተነገረው። ውሻው በማግስቱ ወደ እንስሳት መጠለያ ተወሰደ። እስከ ሜይ 1 የታመነ ወረቀት ካልቀረበ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ነገሩ ሲነካካ ሌሎች ስድስት ደብዳቤዎች ወጡ። ሁሉም ዶክተሯ ከወደቁ በኋላ የተጻፉ፣ ሁሉም ለኛ ሰዎች። ሦስት ውሻ፣ ሁለት ድመት፣ አንድ ጥንቸልና አንድ ኤሊ። ኤሊዋ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ውሻ እፈራለሁ፤ እንስሳ ሰው ያድናል ሲባልም የጠገበ አገር ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

የጽሕፈት መርማሪያችን ፊርማዎቹን ከድሮዎቹ ጋር አስተያይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«የእሳቸው አይደለም። እጁ ይንቀጠቀጣል። እየፈራ የፈረመ ሰው ነው» አለኝ።

*

የክሊኒኩ ጸሐፊ ማዳም ፋቭር የተባሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሴት ናቸው። ማኅተሙ ይቀመጥ የነበረበትን መሳቢያ ከፍተው አሳዩኝ። ቁልፉ አልተሰበረም፤ እንጨቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«ማኅተሙ መቼ ጠፋ?»

«ኤፕሪል 9 ስፈልግ አጣሁት። ከዚያ በፊት ያየሁት ዶክተሯ ከመውደቃቸው በፊት ነው።»

«ሌላ የጎደለ ነገር አለ?»

«ከዚህ ቤት አንዲት እስክሪብቶ አልወጣችም። ከእሳቸው የእጅ ቦርሳ በቀር ማለቴ ነው። እሱንም እኔው ነኝ አምቡላንሱ ውስጥ ያስገባሁት።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። መጻፍ እንኳ ጽፌዋለሁ፤ ማሰቡን ነው የዘለልኩት።

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔና ዶክተሯ። አስተርጓሚዋ ሕብስት ቁልፍ የላትም፤ ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የዚህ ቤት ምሰሶ። ያንቺ አገር ልጆች ከዙሪክ ሦስት ሰዓት ግድም ባቡር ተቀምጠው የሚመጡት በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ስላገኙ ነው።»

እዚያው ሆኜ ለወይዘሮ ሕብስት ደወልኩ። የእናት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ።

«ከማርች 12 ወዲህ ክሊኒኩ መጥተው ያውቃሉ?»

«ደጁን አልረገጥኩም ልጄ።»

«ሰሊማ የምትባል ልጅ ያውቃሉ?»

«ስለ በሽተኛ አልናገርም። የሰማሁትን ላላወጣ ምዬ ነው ሥራውን የያዝኩት። ከፈለግሽ እሰሪኝ።»

ይህን ያሉት እየተቆጡ አልነበረም። የሕንፃውን መግቢያ ካሜራ አስመረመርኩ፤ እንዳሉትም አንድ ቀን አልታዩም። ስማቸውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰረዝኩ።

*

በማግስቱ ዙሪክ ሄድኩ። ኬለር የሚባል የዙሪክ ፖሊስ ባልደረባዬ በመኪና ጠበቀኝና ወደ ኦፕፊኮን ወሰደኝ። ሰሊማ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ስትከፍትልኝ ደነገጥኩ፤ ዓይኖቿ ደም ለብሰው ጎድጉደዋል። ኬለር ልጅቷ ሴት ለሴት እንድታወራ ብሎ መኪናው ውስጥ ቀረ።

«ደብዳቤውን ማን ሰጠሽ?»

«በፖስታ መጣልኝ እትዬ። ዶክተሯ ከመታመማቸው በፊት እጽፍልሻለሁ ብለውኝ ነበር። ሲመጣ የላኩት እሳቸው ናቸው ብዬ አመንኩ። ሌላ ምን ልበል?»

«አሁን እንዳልሆነ ታውቂያለሽ?»

«ፈርቫልቱንጎቹ ነገሩኝ። አከራዮቹ ማለቴ ነው። የሐሰት ነው ብለው ጎረቤትን ወሰዱት።»

«ጎረቤት ማነው?»

«ውሻው ነዋ» አለችና አቀረቀረች። «ዘመዴ እንዳልለው ውሻ ነው። ውሻ ብቻ እንዳልለው ደግሞ አልሆነልኝም። ጎረቤት አልኩት። ምራቁ ከነካኝ ታጥቤ ነው የምሰግደው። መስገጃዬ ያለበት ጥግ አይደርስም፤ አስለምጄዋለሁ።»

ከቤት የተወሰደው ውሻ ነው፤ እሷ ግን የተወሰደው እንቅልፏ እንደሆነ ነገረችኝ። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ አወራች።

«ሊቢያ ምድር ቤት ውስጥ ስምንት ወር ተዘግቶብን ነበር። ስድስት ሴቶች ነበርን። ኮሪደሩ ላይ እግር ይሰማል። እግሩ በራችን ላይ ከቆመ አንዳችንን ይወስዳሉ። ሳይደርሱ ከሰማን ትንንሾቹን ከብርድ ልብሱ ሥር እንደብቃለን። ስለዚህ ተራ ያዝን። አምስቱ ይተኛሉ፣ አንዷ ታዳምጣለች። ተራዋ ሲያልቅ የሚቀጥለዋን ትከሻዋን ትነካታለች፤ እሷ ትነሳለች፣ ያቺኛዋ ትተኛለች። ሰው ከሌሊቱ ላይ ድርሻውን ካወቀ ይተኛል እትዬ፤ እንኳን እዚያ የትም ይተኛል።»

«እሺ።»

«አንድ በአንድ ወሰዷቸው። መጨረሻ ብቻዬን ቀረሁ። ተራዬን የሚቀበለኝ ጠፋ። ከዚያ ወጥቼ ባሕር ተሻግሬ፣ እዚህ ቤት ተሰጥቶኝ፣ በር በቁልፍ ዘግቼ፣ አሁንም እያዳመጥኩ ነበር። ሁለት ዓመት። ክኒን ሰጡኝ፤ ክኒኑ ያፈዛል እንጂ ተራ አይቀበልም።»

«ውሻውስ?»

«የመጀመሪያ ቀን በሩ ሥር ተጋደመ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ጆሮው ግን እንደቆመ ነው። ደረጃው ላይ ሰው ሲወጣ ጆሮው ዞሮ ተከተለው፤ ሰውየው ሲያልፍ ተመለሰ። ሳየው ቆየሁ። ከዚያ ሄጄ ትከሻውን ነካሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ተኛሁ። ወላሂ ስነቃ ረፍዶ ነበር፤ ከሥራ ቀርቼ ተቆጡኝ።»

ብዕሬን ይዤ አንድ መስመር ሳልጽፍ ቀረሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያስደነቀኝ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ሐኪም፣ የትኛው ምሁር አስተማረው ያንን ውሻ?

«ከወሰዱት ስንት ቀን ሆነ?»

«ዛሬ ስምንት። ትላንት የፎጣ መጭመቂያው ውስጥ እጄን ልከት ምንም አልቀረኝም። ለሌላ ሰው ከሰጡት…» አለችና ተወችው።

*

መኪናው ውስጥ ኬለር የሰባቱን ደብዳቤዎች ቅጂ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለኝ። «ፍራው ሰሊማ ማናት?»

«አሁን ያናገርኳት ልጅ ናታ።»

«እሷማ ፍራው መሐመድሁሴን ናት። ላይ ሙሉ ስሟን ጽፎ ሲያበቃ፣ ታች ‘ፍራው ሰሊማ ከውሻዋ ጋር’ ይላል። ይኸኛው ‘ኸር ኢስማኤል’። ይቺ ‘ፍራው ራሄል’። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሐኪም በሽተኛውን እንዲህ ብሎ አይጽፍም። በቤተሰብ ስሙ ነው የሚጠራው። እኔ አስተናጋጅ ሆኜ እንኳ አልጽፈውም።»

ደብዳቤዎቹን ቢያንስ አሥር ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ። አንዴም ዓይኔን አልቆረቆረኝም። ለምን ይቆርቁረኝ? እነሱ ፍራው የሚሉትን እኛ ወይዘሮ ብለን የራሷን ስም እንጂ የአባቷን ስም አንጠራም። በአባቷ ስም ወይዘሪት መሐመድሁሴን ብላት አባቷን ሴት ያደረግኳቸው ነው የሚመስለኝ። ጸሐፊው የተሳሳተውን እኔም አብሬ ተሳሳትኩ፤ ሁለታችንም አንድ ቤት አድገናልና።

«የጻፈው ሐበሻ ነው» አልኩት። «ፈረንሳይኛውም ጀርመንኛውም የተቃና፣ ስም አጠራሩ ግን ያገሩ።»

«እንዲህ ያለ ሰው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የሚያውቅ ሰው ግን ነበር፤ ሰሊማ ወረቀት ሲቸግራት እዚያው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ የሚኖር ሙጃሂድ የሚባል ሰው ጋ እንደምትሄድ ነግራኛለች።

*

ሙጃሂድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በማኅበራቸው ክፍል ተቀምጦ ለሰው ፎርም ይሞላል። ሦስት ቋንቋ ይጽፋል። በልቤ «ያዝኩህ» አልኩ።

«ለሰሊማ የውሻ ደብዳቤ ጽፈሃል?»

«እኔ?» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ሲጀመር ውሻውን አታስገቢ ብዬ የተጣላኋት እኔ ነኝ። ሁለት ወር አላናገርኳትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አለና አፈረ። «እሷ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳት የሚያንሸራሽረው ሰው ጠፋ። ጓንት አድርጌ ወሰድኩት። ሁለት ሦስት ቀን ብዬ ነበር፤ ይኸው ዓመት ሆነኝ። ምን ላድርግ እህቴ፣ ልጅቱ ሰው ሆነች። ስታወራ፣ ስትስቅ ያየሁት ያ እንስሳ ከመጣ በኋላ ነው። ሼኹን ጠየቅኳቸው፣ የሚጠብቃት ከሆነ ምን አገባህ አሉኝ።»

«ደብዳቤው የሐሰት ነው።»

«የሐሰት ከሆነ የሐሰት ፖስታ ይኖረው ነበር» አለኝና ተነስቶ ከመደርደሪያ አንድ ክላሰር አወረደ። «ለሰው ሁሉ የምለው ነገር አለ። እዚህ አገር ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፖስታውንም አስቀምጡ። ይግባኝ የሚቆጠረው ወረቀቱ ከደረሰበት ቀን ነው፤ ቀኑ ያለው ፖስታው ላይ ነው። ሰሊማ ስለምትጥለው እኔ ጋ አኖርኩላት።»

ፖስታውን አገላብጬ አየሁት። ቴምብር የለውም። በቴምብሩ ቦታ ድርጅቶች በማሽን የሚያትሙት ቀይ ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ጎን የላኪው ቤት ስም። ከጄኔቭ ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለ፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች የሚያገግሙበት ክሊኒክ ነው። ዶክተር ሮሻ ከሆስፒታል የተዛወሩት ወደዚያ ነበር። የዚያን ጊዜ የእጅ ቦርሳው ትዝ አለኝ።

*

የክሊኒኩ ክፍል መስኮቱ ሐይቁን ያያል። ዶክተር ሮሻ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ቀኝ እጃቸው ትራስ ላይ የተኛ። አጠገባቸው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ሳያስተዋውቁኝ አወቅኳቸው።

«እንኳን ደህና መጣሽ ምንትዋብ» አሉኝ ወይዘሮ ሕብስት። «ቀደም ብለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነበር።»

«ማኅተሙ የት አለ?»

አልጋው አጠገብ ያለውን መሳቢያ ከፍተው አወጡት። አብሮ የክሊኒኩ ስም የታተመበት ወረቀት ክምር አለ። ዶክተሯ በሽተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው ሲያዩ ይዘውት የሚዞሩት ነው፤ በቦርሳቸው ውስጥ አብሯቸው በአምቡላንስ መጥቷል። ማንም ምንም አልሰረቀም።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

«እኔ ነኝ። የፈረሙት ግን እሳቸው ናቸው፤ በግራ እጃቸው።»

«እሳቸውስ ምን ላይ እንደፈረሙ ያውቃሉ? አይናገሩም እኮ።»

ወይዘሮ ሕብስት ፈገግ አሉ። «ሃያ ዓመት ለማይናገር ሰው ነው አፍ የሆንኩት። ልጆቹ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ቃል ይጠፋቸዋል፤ እጠብቃለሁ። አሁን ደግሞ እሳቸውን እጠብቃለሁ። አንድ አረፍተ ነገር አነብላቸዋለሁ። ልክ ከሆነ እጄን ይጨብጣሉ። ልክ ካልሆነ ይተዉታል፤ ሌላ እሞክራለሁ። አንዱ ደብዳቤ ሁለት ቀን፣ አንዳንዱ ሦስት ቀን ፈጀ። ሰባቱን እንደሚጽፉላቸው ቃል የገቡት ከመውደቃቸው በፊት ነው። እኔ ራሴ ነኝ ቃላቸውን የተረጎምኩት።»

«ለምን ለማንም አልተናገሩም? እኔስ ስደውል?»

«አንደኛ ምያለሁ። ሁለተኛ፣ ብናገር አእምሮዋ አይሠራም ብለው ደብዳቤውን ሁሉ ይጥሉት ነበር። አንቺስ አሁን ምን እያሰብሽ ነው?»

እውነታቸውን ነበር፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ወይዘሮ ሕብስት በቅን ልብ የራሳቸውን ሐሳብ በዶክተሯ እጅ አስፈርመው ቢሆንስ? ያ ከሆነ ደብዳቤው የሐሰት ነው፤ ሰሊማም ውሻዋን አታገኝም። መፈተን ነበረብኝ። ወይዘሮ ሕብስትን ከክፍሉ አስወጣሁ፤ አንዲት ነርስ ምስክር እንድትሆን አስገባሁ። የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ባለሙያ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ነበሯት፤ የእንስሳቱን ለይቼ አሥራ ሁለቱን አልጋው ላይ ደረደርኩ። ላም አለ፣ ፈረስ አለ፣ በቀቀን አለ።

«ዶክተር፣ የሰው ስም ብቻ እጠራለሁ። እንስሳውን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

«ሰሊማ።»

ግራ እጃቸው ተነሳ። ተንቀጠቀጠ፤ መርማሪያችን የፈራ ሰው እጅ ያለው ይህንን ነው። ካርዶቹን አልፎ አልፎ ሄደና ውሻው ላይ አረፈ።

«ኢስማኤል።» ድመት።

«ራሄል።» ጥንቸል።

«ፈሃድ።» ኤሊ። ኤሊዋ ላይ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ መቱ፤ እንባቸው በአንድ ዓይናቸው ብቻ ወረደ። ፈሃድን አላውቀውም፤ በኤሊዋ ግን ዳግመኛ ልስቅ አልቻልኩም። ሰባቱንም አንድ ሳይስቱ አሳዩ። ነርሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀርታለች።

ስምንተኛውን ስም እኔ ነበርኩ የፈጠርኩት።

«ፌኔት።»

እጃቸው ተነስቶ አየር ላይ ቆመ። ካርዶቹን አንድ በአንድ አዩ። እንደገና አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ረጅም አስተያየት ነው፣ በሽተኛ የሚመረመርበት። የከንፈራቸው ግራ ጫፍ ሳቅ አለ። የኤሊዋን ካርድ አንስተው፣ ይህቺ ያንቺ ትሁን እንደማለት፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

እዚያ አልጋ ላይ ያሉት ሰው ሙሉ ነበሩ። ከቃል በቀር የጎደላቸው አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ሰው በልባቸው ይዘው፣ ማን በማን ተማምኖ እንደሚተኛ ያውቁ ነበር። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ለነርሷ ፊቴን ላለማሳየት ነው።

ወይዘሮ ሕብስትን ስጠራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። «ፍራው ሰሊማ ብለው የጻፉት ለምንድን ነው?»

«እና ምን ልበላት?» አሉኝ ግራ ገብቷቸው።

*

የክሊኒኩ የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሮሻ ሁሉን እንደሚረዱና እንደሚወስኑ በጽሑፍ አረጋገጠ። ሰባቱ ደብዳቤዎች በፊቴ እንደገና ተፈረሙ። አንዱ ፊርማ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓቴን አይቼ ነው፤ ሰባቱን ለመጨረስ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ፋይሉን «ወንጀል አልተፈጸመም» ብዬ አሰናዳሁ፤ አቃቤ ሕጉም ተስማማ።

የሰሊማን ደብዳቤ በፖስታ መላክ ይቻል ነበር። ራሴ ይዤ ሄድኩ። ኤፕሪል 27 እኩለ ቀን ላይ ከእሷ ጋር መጠለያው በር ቆምን። ውሻው ከተወሰደባት ያን ቀን አሥራ አምስተኛዋ ነበር። ስትራመድ ግድግዳ ትይዛለች።

ጎረቤት ግዙፍ፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ውሻ ነው። ይዘላል ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አልዘለለም። ቀስ ብሎ መጣና አፍንጫውን እጇ ላይ አኖረ።

ወደ ትራሙ ማቆሚያ ሄደን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ነበር፤ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። ውሻው እግራችን ሥር ተጋደመ፤ ጆሮዎቹ ቆሙ። ሰሊማ ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ትከሻውን ነካችው። ቀና ብሎ አያት።

ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ምን እያልኳት እንደነበር አላስታውስም። ትራሙ መጣ። «ሰሊማ፣ መጣ» አልኳት። አልሰማችኝም። በሮቹ ተከፍተው ተዘጉ፣ ሰው አለፈ፣ ብረቱ ጮኸ፤ አልሰማችም። የሚቀጥለው መጣ። እኔ ውሻ የምፈራው ሴትዮ፣ ያ የሚያህል አውሬ እግሬ ላይ ተደግፎ፣ አልተነቃነቅኩም። ከጄኔቭ ስልክ ተደወለ፤ አጠፋሁት። አራተኛው ትራም ሲመጣ ጎረቤት ጆሮውን ወደ ሐዲዱ አዞረ፤ እስኪያልፍ ተከተለውና መለሰው።